የማይተኩሱት ሽጉጦቼ

ሥራዬ እንጨት መፈልፈል ነበር። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ሌሎቹ አልጋና ቡፌ ይገጣጥማሉ፤ እኔ ደግሞ በአልጋው ራስጌ ላይ የወይን ዘለላ፣ በቡፌው በር ላይ ጽጌረዳ፣ በወንበሩ መደገፊያ ላይ የአንበሳ ራስ አወጣለሁ። አንበሳው ከአብዮቱ በፊት ዘውድ ነበረው። ከአብዮቱ በኋላ ዘውዱን ትተን ጎፈሩን ማብዛት ጀመርን። ደንበኞች ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም አሁን ነው አንበሳ የመሰለው የሚሉ ነበሩ።

የሽብሩ ዓመታት አልፈው፣ ሰው እንደገና የቤት ዕቃ ማሠራት በጀመረበት ሰሞን፣ ለአንድ ቡፌ የሚሆን የነሐስ ማጠፊያ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። ምናለሽ ተራ የማይገኝ ነገር የለም። የተጣለ፣ የተሰበረ፣ የዛገ ሁሉ መጨረሻው እዚያ ነው። አሮጌ ብረት የሚሸጡ አንዲት እናት በተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠው፣ የተጣመመ ሚስማር በሐዲድ ቁራጭ ላይ እያቃኑ ነበር። ማጠፊያ ልጠይቃቸው ጎንበስ ስል ዓይኔ እጃቸው ላይ ቀረ። ሚስማሩን የሚቀጠቅጡት በሽጉጥ ነው። እጀታውን ጨብጠው በብረቱ ጎን ይመቱታል።

«እትዬ፣ ይሄ ሽጉጥ እኮ ነው» አልኳቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ሽጉጥ ነበረ። አሁን መዶሻ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

እንዳየው ብዬ ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ። ብረቱ ዝጎ ደም መስሏል፤ ተሽከርካሪው ጥይት መጉረሻ ተጣብቆ አልዞር ብሏል። እጀታው ግን ሌላ ነገር ነበር። ከጥቁር ዞጲ የተሠራ፣ ዙሪያውን ሐረግ የተጠመጠመበት፣ ከሐረጉ መሃል አንዲት ወፍ ፍሬ ልትለቅም አንገቷን ያሰገገችበት። የእትዬ መዳፍ ለዓመታት ሲያሸው ከርሞ እንደ መስታወት ያበራል። ዞጲ ምን ያህል አስቸጋሪ እንጨት እንደሆነ አውቃለሁ። መሮ አይቀበልም፤ ትንሽ ከተሳሳቱ ይሰነጠቃል። ይህን ያወጣ ሰው የወፏን ላባ አንድ በአንድ ከእንጨቱ መስመር ጋር አስማምቶ ነው የሄደው። እንዴት እንዳደረገው ለማወቅ ጓጓሁ።

«ይሸጡልኛል?»

«ሸጬ በምን ልቀጥቅጥ?»

እውነታቸውን ነው። ወደ ሥራ ቤት ተመልሼ አንድ የደህና ብረት መዶሻ አነሣሁ፤ የወይራ እጀታ አበጀሁለትና ወሰድኩላቸው። እትዬ አገላብጠው አዩት፤ ሚስማር መቱበት፤ ከዚያ «እጀታው ረዘመ፤ ክንዴን ያመኛል» አሉ። ተመልሼ አሳጠርኩት። በሁለተኛው ጊዜ ሚስማር መቱበትና ሽጉጡን በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ማጠፊያውን ረስቼው ነው የሄድኩት።

ባለቤቴ ሸማ ተራ ነጠላና ጋቢ ትነግዳለች። ያን ዕለት ከእሷ ቀድሜ ቤት ገብቼ፣ ሽጉጡን በናፍጣ ነክሬ፣ እጀታውን በጨርቅ እያሸሁ ደረሰች። ሰው ሁሉ መሣሪያውን አስረክቧል በሚባልበት ዘመን ባሏ ጠረጴዛ ላይ ሽጉጥ አስተኝቶ ሲያባብል ስታይ መጀመሪያ በሩን ዘጋች።

«ይሄ ምንድነው?»

«እጀታውን እዪው እስቲ።»

«እጀታውን ተወው። ሌላውስ?»

«ሌላው አይሠራም። ጥይት እንኳ አይገባበትም።»

«ይሄን ቀበሌው ያውቃል?»

እጀታውን ማሸቴን ቀጠልኩ። እሷም አልጨቀጨቀችኝም፤ ግን ያን ዕለት ሽጉጡ ከአልጋ ሥር፣ ከጫማዎቹ ኋላ እንዲያድር አደረገች።

የያዝኩት ነገር ምን እንደሆነ የነገሩኝ አንድ ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ዝናር ሰፊ ነበሩ። ለመኳንንቱም ለአዳኙም የጥይት ዝናርና የሽጉጥ አፎት ይሰፉ ነበር። መሣሪያ መያዝ ሲከለከል ዝናር የሚያሰፋ ጠፋና በዚያው ቆዳና በዚያው መርፌ የተማሪ ቦርሳ መስፋት ጀመሩ። ሰፈር ውስጥ የሚሄደው ተማሪ ሁሉ የጀርባው ቦርሳ ኪሶች የጥይት ቤት የሚመስሉት ለዚህ ነበር።

ሽጉጡን በጋቢ ሸፍኜ ወሰድኩላቸው። ዓይናቸው በራ።

«ይሄ የዝናር ጠላት ነው» አሉኝ። «ጥይት አይወድም። ባሩዱን ከፊት በኩል በየቀዳዳው ትሞላለህ፤ እርሳሱን በላዩ ትጠቀጥቃለህ፤ ከኋላ ደግሞ ትንሽ የመዳብ ቆብ ታለብሰዋለህ። ቃታው ቆቧን ሲመታት እሳት ትሰጣለች። አባቴ ያወራልኝ ነበር። በባሕር በኩል የመጡ ፈረንጆች ለመኳንንቱ ስጦታ ያመጡት ነበር። እጀታውን ግን እዚህም የሚያስቀርጽ ነበረ።»

ከዚያ በኋላ ጋሼም በእኔ በሽታ ተለከፉ። እሁድ እሁድ አብረን ምናለሽ ተራን እንዞራለን። እሳቸው ብረቱን ያያሉ፤ እኔ እጀታውን። የምናገኘው አብዛኛው እንኩትኩቱ የወጣ ነበር። አንዳንዱ እጀታ ብቻ፣ አንዳንዱ እጀታ የሌለው ብረት። ቢሆንም በሁለት ዓመት ውስጥ ደህና ደህና የሆኑ ጥቂት ሽጉጦች ሰበሰብኩ። አንዱ የዝሆን ጥርስ እጀታ ነበረው፤ የሴት ፊት ተቀርጾበት አፍንጫዋ ተሰብሯል። ሌላው ከጎሽ ቀንድ የተሠራ ነበር፤ በቀንዱ ላይ ማዕዘን በማዕዘን ውስጥ የገባ ጥልፍልፍ ነበረበት። ለሁሉም ከዋንዛ ባለ መስታወት ሳጥን ሠራሁና ውስጡን በቀይ ከፋይ አለበስኩት።

ባለቤቴ ሳጥኑን አንድም ቀን እወደዋለሁ አላለችም። አንድ ቅዳሜ ግን ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ስባ ፊቱ ተቀምጣ፣ የጎሹን ቀንድ እያየች በጣቷ የሆነ ነገር ስትቆጥር አገኘኋት።

«ይሄ ጥልፍልፍ ጥበብ ይወጣዋል» አለች።

ከእሷ ጋር ለሚሠራ ሸማኔ አሳየችው። ሸማኔው ሽጉጥ ሲያይ እንዳይነካው እጁን ወደ ኋላ ደብቆ ነው አሉ ንድፉን ያጠናው። ለፋሲካ ያን ጥበብ በአረንጓዴና በወርቅማ ክር አወጣው። ሸማ ተራ ሴቶቹ ወደዱት፤ ከየት መጣ ሲሏት ባለቤቴ «ከጎሽ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ከአልጋ ሥር ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

የተያዝነውም በዚሁ ነው። አንድ ጠዋት የቀበሌ አብዮት ጠባቂ ለስብሰባ ሊጠራን መጣ። በሩ ክፍት ነበር፤ ሳጥኑ ፊት ለፊት ነው። ሰውዬው ስለ ስብሰባው የጀመረውን መሃል ላይ ተወው። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ሄደ፤ ወደ እኔ ዞረ፤ እንደገና ወደ ሳጥኑ ሄደ። «ሳጥኑን ያዝና ቅደም» አለኝ በመጨረሻ። መንደሩ ሁሉ እያየኝ፣ ሳጥኔን እንደ ታቦት አቅፌ፣ ጠመንጃ ያነገበ ሰው እየተከተለኝ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።  በዚያ ዘመን በዚህ መልክ ወደ ቀበሌ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው ሁላችንም እናውቃለን።

የቀበሌው ሊቀመንበር ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ ካኪ የማይለየው፣ ሲስቅ ያላየነው ሰው ነበር። ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ቁጭ በል አለኝ።

«ስንት ሰው ልታስታጥቅበት ነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አይተኩሱም። እኔ የሰበሰብኳቸው ለእጀታቸው ነው።»

«ለእጀታቸው?»

«እንጨት ፈልፋይ ነኝ። ቅርጻቸውን ለማጥናት ነው።»

አላመነኝም። ባለ ወፏን አነሣና ወደ ግቢው ወጥቶ፣ አሸዋ የሞላ ጆንያ ላይ አነጣጥሮ ምላጩን ሳበ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ተሽከርካሪው ክፍል ከቦታው ወልቆ መሬት ወደቀና እየተንከባለለ ወደ ውሃ ቦይ አመራ። ሊቀመንበሩ፣ አብዮት ጠባቂውና እኔ ተከትለን ሮጥን። ቦዩ አፍ ላይ የያዝኩት እኔ ነኝ። ስንመለስ የሊቀመንበሩ ፊት ትንሽ ለስልሶ ነበር፤ ቢሆንም «የሚያውቅ ሰው ይምጣና ያስረዳ» አለ።

ጋሼ ተጠርተው ከነመነጽራቸው መጡ። ባለቤቴም ሱቋን ዘግታ አብራቸው መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጋሼ ፈርተው ይሆናል ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን ለዓመታት የሚጠይቃቸው አጥተው የከረሙትን ነገር የሚጠይቅ ሰው በማግኘታቸው ደስ ብሏቸዋል።

«ባሩድ የለም፤ ባሩዱ ጤፍ ይሁን» አሉ። ከቀበሌው ሱቅ አንድ ጭብጥ ጤፍ መጣ። «እርሳሱ ሽምብራ ይሁን።» አብዮት ጠባቂው ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አወጣ። ጋሼ በአንደኛው ቀዳዳ ጤፍ ማፍሰስ ጀመሩ። ግማሹ ጤፍ መሬት ይፈሳል። ሽምብራዋን ከላይ አድርገው ጠቀጠቁ፤ ተሰነጠቀች። ሌላ ሽምብራ ተፈለገ። ከዚያ በጣት ዘወር፣ ሁለተኛው ቀዳዳ፤ እንደገና ጤፍ፣ እንደገና ሽምብራ። ሦስተኛው ላይ ሳይደርሱ መነጽራቸውን ሊጠርጉ ቆሙ። ሊቀመንበሩ ክንዱን አጣምሮ ቆይቶ ቆይቶ ሰዓቱን አየ።

«ጋሼ፣ ይሄን እስኪያጎርሱ ጠላት ቤቱ ሄዶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል» አለ።

«እሱ ነው ችግሩ» አሉ ጋሼ ጤፋቸውን እየሞሉ። «ለዚህ ነው የተተወው።»

በሩ ላይ ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀች ነበር።

እኔን ለቀቁኝ፤ ሳጥኑን ግን አልለቀቁም። «ለከፍተኛው እናመለክታለን» ተባለ፤ ከፍተኛው የቀበሌዎች የበላይ ነበር። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስፈልፍል ሐሳቤ እዚያ ሳጥን ላይ ነበር። አንድ ሰው ሊያቀልጠው ይችላል፤ አንድ ሰው እጀታውን ነቅሎ ለምድጃ ሊያደርገው ይችላል። ባለቤቴ «አንተ ተመልሰህ የለ» ትለኛለች፤ አባባሏ ልክ ነበር፤ ግን ምግብ አልበላ አለኝ።

ያዳነኝ የኪነት ቡድኑ ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ኃላፊ አንዲት ወጣት አስተማሪ ነበረች። ለአብዮት በዓል ስለ አንድ ጨካኝ ባላባትና ስለ ጭሰኞቹ ቲያትር እያዘጋጀች፣ ባላባቱ የሚይዘው ሽጉጥ ቸግሯት፣ ከካርቶን የተሠራ በጥላሸት የተቀባ ነገር ታስይዘው ነበር። ሊቀመንበሩ ቢሮ ገብታ ሳጥኑን ስታይ ሌላውን ጉዳይዋን ረሳችው። እሱም ፈቀደላት። ወደ ሥራ ቤቴ መጥታ ስትነግረኝ በደስታ ፈንታ ድንጋጤ ያዘኝ።

«ማን ነው የሚይዘው?» አልኳት።

«ባላባቱን የሚሠራው ልጅ።»

«እጁ ላብ አለው? ላብ የዝሆን ጥርስ ያበላሻል። ዞጲውም ቢወድቅ ይሰነጠቃል።»

ትንሽ ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። «እንግዲያው ባላባቱን እርስዎ ይሁኑ።»

በሕይወቴ መድረክ ረግጬ አላውቅም። ሆኖም ሽጉጡን ሌላ ሰው ሲያወዛውዘው ቁጭ ብዬ ከማይ ራሴን ማዋረድ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ ካባ ሰፋችልኝ። ጭሰኛውን የሚሠራው መርካቶ ውስጥ ተሸካሚ የነበረ፣ ከጎጃም የመጣ፣ ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነበር። በመጨረሻው ትርኢት ላይ እኔ ሽጉጥ እመዝበታለሁ፤ እሱ ይቀማኛል፤ ወደ ላይ አንሥቶ ለሕዝብ ያሳያል። መሬት ላይ እንደማይጥለው በልምምድ ላይ ደጋግሜ አስምዬዋለሁ።

በበዓሉ ቀን የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ሸማኔውም፣ የሰፈራችን ልብስ ሰፊም፣ የምናለሽ ተራዋ እትዬም ከፊት መጥተው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ከከፍተኛው ከመጡ እንግዶች ጋር መሃል ላይ ነው። ቲያትሩ በደህና ሄደ። ጭሰኞቹን ገረፍኩ፣ እህላቸውን ነጠቅኩ፣ ሕዝቡ ሰደበኝ። መጨረሻ ላይ ባለ ወፏን ሽጉጥ መዘዝኩ። ተሸካሚው ዘሎ ያዘኝ። አዳራሹ ሲያጨበጭብለት ግን ስሜቱ ከልምምዱ አለፈ። «ይህ የጭቆና መሣሪያ ይሰባበር» ብሎ ሽጉጡን ወደ ወለሉ ሊወረውር ክንዱን ወደ ኋላ ሰበሰበ።

እኔም አፈሙዙን ጨምድጄ ያዝኩ። ጎተተኝ፤ ጎተትኩት። ካባዬ ወለቀ። እሱ ግራ ተጋብቶ በጆሮዬ «ልቀቅ እንጂ፣ አንተ እኮ ተሸንፈሃል» ይለኛል።

«ቀስ በል፣ እጀታው ይሰነጠቃል» አልኩ። በሹክሹክታ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር፤ ድምፄ ግን እስከ ኋላ ወንበር ደረሰ።  ከፊት ወንበር ላይ እትዬ ለጎረቤታቸው «ያ እኮ የእኔ መዶሻ ነው» ሲሉ ተሰማ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። አስተማሪዋ ከመጋረጃው ጀርባ እጇን ራሷ ላይ አድርጋለች። ተሸካሚው አማራጭ ሲያጣ የሚያውቀውን ሥራ ሠራ። ጎንበስ አለና ከነሽጉጤ አንሥቶ፣ እንደ ጤፍ ጆንያ ትከሻው ላይ ጭኖኝ፣ ከመድረክ ወረደና በሕዝቡ መሃል አልፎ በበሩ ይዞኝ ወጣ። ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። እኔ ቁልቁል ተዘቅዝቄ የማስበው ወፏን ብቻ ነው። ደህና ነበረች።

ሊቀመንበሩ እኛ ወደ ቆምንበት ግቢ ሲመጣ ተሸካሚውም እኔም በአንድ ላይ ቀጥ ብለን ቆምን። ዓይኑ በሳቅ ይሁን በሌላ ቀልቷል።

«ባላባቱ ሽጉጡን ለምን አልለቀቀም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያለ የሌለ ዘዴዬን አሰባሰብኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ባላባት እንዴት በቀላሉ ይለቃል?»

አሰበበት። ኋላው የቆሙት የከፍተኛው እንግዶችም አሰቡበት። «ትክክል ነው» አለ በመጨረሻ። «ጨቋኝ መደብ በገዛ ፈቃዱ አይለቅም። ተሸክሞ ማስወጣት ያስፈልጋል።» እንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚህ ምክንያት ቲያትሩ በሌሎች ቀበሌዎችም እንዲታይ ተወሰነ፤ ተሸካሚውም በየአዳራሹ ተሸክሞኝ ዞረ። በእያንዳንዱ ጊዜ ከመነሣታችን በፊት «ዛሬ ምን በልተሃል?» ብሎ ይጠይቀኛል።

የቲያትሩ ዙር ሲያበቃ ሊቀመንበሩ ሳጥኑን ሊመልስልኝ ተስማማ፤ ሽጉጦቹ አፋቸው በብየዳ እንዲደፈን ብቻ ፈለገ። «ልቤ እንዲያርፍ ነው» አለኝ፤ ያን ጊዜ እንደ ጓድ ሳይሆን እንደ ጎረቤት ነበር የሚናገረው። እኔ ቅር አላለኝም። ጋሼ ግን በጣም አዘኑ፤ ብየዳ ቤቱ በር ላይ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። እኔ ሙቀቱ እንዳያገኛቸው እጀታዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በያጁ የብረት መነጽሩን አድርጎ አፈሙዞቹን አንድ በአንድ ሲደፍን እያየሁ ውሃ አርከፈከፍኩ። ከዚያ ጋሼን ይዤ ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲጨርሱ ስለ ሌላ ሽጉጥ ማውራት ጀመሩ፤ ሐዘኑ እንደወጣላቸው በዚያ ዐወቅኩ።

ሰው ሁሉ ስለ ሽጉጦቹ ሰምቶ ስለነበር፣ ከዚያ በኋላ ፍለጋ መውጣት ቀረልኝ። እየመጡ በሬን ያንኳኳሉ። አንዱ የጎራዴ እጀታ፣ አንዱ የጦር ዘንግ፣ አንዱ ምን እንደሆነ የማያውቀው የተቀረጸ እንጨት ይዞ ይመጣል። ባለቤቴ «ቤቱ ጠበበን» እያለች ለሁሉም ወንበር ትስባለች። ተሸካሚውም አገሩ ለመስቀል ሄዶ ሲመለስ በቀጥታ ወደ እኛ ቤት መጣ። በጨርቅ የጠቀለለውን ነገር ባለቤቴ እጅ ላይ አስቀመጠው። ክዳኑ የእንጨት የሆነ የባሩድ ቀንድ ነበር። አያቱ የሠሩት ነው አለ፤ እናቱ ግን ባሩድ ሲጠፋ የፀጉር ቅቤ ማስቀመጫ አድርገውት ኖረዋል። ቤቱ ወዲያው ቅቤ ቅቤ ሸተተ።

ክዳኑን በሙቅ ውሃ አጥበን በጨርቅ አደረቅነው። በላዩ ላይ ቀላል መስመር ብቻ ነበረበት፤ ብዙም አልገረመኝ። ስገለብጠው ግን፣ ሲከደን ወደ ውስጥ በሚገባው በኩል፣ ማንም ሊያየው በማይችልበት ቦታ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ዓሣ ተቀርጻ ነበር። ቅርፊቷ ሳይቀር ተለይቷል። ተሸካሚው ዕድሜ ልኩን ያንን ቀንድ ሲያይ አድጎ ዓሣዋን አይቷት አያውቅም።

«አያትህ ዓሣ ያሰግሩ ነበር?» አልኩት።

«ኧረ በእኛ መንደር ወንዝ የለም» አለ፤ ክዳኑንም ከእጄ ወስዶ ወደ መስኮቱ ተጠጋና በብርሃን ያየው ጀመር።